እንደራሴዋ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ

ዛሬ የምናነበው ስለ አንዲት የሕዝብ እንደራሴ ሥራና ሕይወት ነው። በቅድሚያ ቃሉን እንመርምር። «እንደራሴ» የሚለውን ቃል ለሁለት ብንከፍለው «እንደ» እና «ራሴ» ይሆናል። እኔን ሆኖ፣ በእኔ ቦታ ቆሞ የሚሠራ ሰው ማለት ነው። ወደ ደባርቅ ገበያ መሄድ ሳትችሉ ስትቀሩ በግ እንዲሸጥላችሁ ጎረቤታችሁን ትልካላችሁ። ያ ሰው ለዚያ ቀን እንደራሴያችሁ ነው። ማታ ሲመለስ በስንት እንደ ሸጠው ትጠይቁታላችሁ። ገንዘቡን ቆጥሮ ያስረክባል። ካላስረከበ በሚቀጥለው ገበያ ሌላ ሰው ትልካላችሁ።

በቀድሞ ዘመን ግን ይህ ቃል የቤተ መንግሥት ቃል ነበር። እንደራሴ የሚባለው በንጉሡ ቦታ ሆኖ የሚያዝ ሰው ነው። በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ራስ ተፈሪ ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን አልጋ ወራሽና እንደራሴ ነበሩ። ከጊዜ በኋላ ቃሉ ከንጉሥ ወደ ሕዝብ ተሻገረና «የሕዝብ እንደራሴ» ተባለ። ቃል መሻገሩ ቀላል ነው። ሥልጣኑስ አብሮ ተሻግሯል ወይ? ይህን በወይዘሮ ስንዱ ታሪክ እንየው።

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የተወለዱት በጥር ወር 1908 ዓ.ም. ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ የጎንደር አገር ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ከአገር ወጥተው በውጭ አገር ተማሩ፤ ልዩ ልዩ ቋንቋም አወቁ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የጎንደር ከንቲባ ሆነው ስለ ሠሩ ማዕረጉ ከስማቸው ጋር ቀረ። በ1911 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ወደ አሜሪካ ከላካቸው መልእክተኞችም አንዱ ነበሩ። እንግዲህ ለዳባትና ለደባርቅ ሰው ወይዘሮ ስንዱ የሩቅ ሰው አይደሉም፤ የጎረቤት ልጅ ናቸው ማለት ይቻላል።

በዚያን ጊዜ ሴት ልጅ ፊደል ትቁጠር የሚል ሰው ብዙ አልነበረም። ከባላባት ቤት ብትወለድም እንኳ ትዳር እስኪመጣ ጥጥ መፍተልና ወጥ መሥራት ይበቃታል ይባል ነበር። ከንቲባ ገብሩ ግን ሴቶች ልጆቻቸውንም አስተማሩ። ስንዱ ገና በልጅነታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ። ስዊዘርላንድ በአውሮፓ መካከል ያለች ተራራማ አገር ናት። የስሜንን ተራሮች ያየ ሰው መልኳን መገመት አያቅተውም፤ በረዶዋ ነው የሚበዛው። እዚያ ተምረው ወደ አገራቸው ተመለሱና አስተማሪ ሆኑ።

ብዙም ሳይቆይ ጦርነት መጣ። በመስከረም 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ድንበር ተሻገረ፤ በሚያዝያ ወር አዲስ አበባ ገባ። ንጉሡ ከአገር ወጡ። ወይዘሮ ስንዱ ግን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጎሬ ሄዱ። እዚያ ከጥቁር አንበሳ ማኅበር አርበኞች ጋር ነበሩ። ጥቁር አንበሳ ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኮንኖችና በውጭ አገር የተማሩ ወጣቶች የመሠረቱት የአርበኞች ማኅበር ነው። በኋላ ጠላት ያዛቸው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ ኢጣልያ አገር በግዞት ሲወሰዱ እሳቸውም ተወሰዱ፤ አዚናራ በምትባል የባሕር ደሴት ታሰሩ። ግዞት ማለት አስሮ ከአገር ማራቅ ነው።

የዚያን ዘመን ነገር እዚህ ያሉ አረጋውያን ከአባቶቻቸው ሰምተው ያውቁታል። ከደባርቅ በላይ በወልክፊት በር የሰፈረው የኢጣልያ ጦር እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነው። ጎንደር ደግሞ በኅዳር ተለቀቀች። አዲስ አበባ ነፃ ከወጣች ከግማሽ ዓመት በላይ ቆይቶ መሆኑ ነው። የሊማሊሞ መንገድ በዚያው በጠላት ዘመን የተቆረጠ ነው፤ ዛሬ በአውቶቡስ የሚወርድ ሰው ይህን ያስታውስ።

ከነፃነት በኋላ ወይዘሮ ስንዱ ወደ ማስተማር ተመለሱ። በደሴ አስተማሩ። ከዚያም በአዲስ አበባ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆኑ። ይህ ትምህርት ቤት ለሴቶች ልጆች የተሠራ ነው። ከእሳቸው በፊት የመሩት የውጭ አገር ሴቶች ነበሩ፤ ኢትዮጵያዊት ስትመራው እሳቸው የመጀመሪያዋ ናቸው። ለተማሪዎቻቸው ስለ አርበኞች ተጋድሎ ቴያትር እየጻፉ ያሠሩ ነበር። በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ» የተባለ መጽሐፋቸው ታተመ። በአማርኛ መጽሐፍ ጽፈው ካሳተሙት ሴቶች መካከል ከፊተኞቹ ናቸው።

አሁን ወደ እንደራሴነቱ እንምጣ፤ ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው።

ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሕገ መንግሥቷን ያወጣችው በሐምሌ 1923 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሕግ ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ። አንዱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት፣ ሁለተኛው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተባለ። በመወሰኛው ውስጥ ንጉሡ የሾሟቸው መኳንንት ተቀመጡ። ለመምሪያው ደግሞ መኳንንቱና የየአገሩ ሹሞች ሰው መረጡ። ሕዝቡስ? ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ ይቆይ ተባለ። ሲቆይ ሲቆይ 24 ዓመት አለፈ።

በጥቅምት 1948 ዓ.ም. ሁለተኛው ሕገ መንግሥት ወጣ። በዚህኛው ሕግ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ ድምፅ የመስጠት መብት አገኘ። ምርጫው በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ተደረገ። ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት 210 እንደራሴዎች ተመረጡ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም ተወዳድረው አሸነፉ። በኢትዮጵያ ታሪክ ወደ ፓርላማ የተመረጡት የመጀመሪያዋ ሴት እሳቸው ናቸው። እንደራሴዎቹም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት አድርገው መረጧቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔን በጣም የሚያስገርመኝ ነው። ወይዘሮ ስንዱን ያስተማረችው ስዊዘርላንድ በዚያን ጊዜ ለገዛ ሴቶቿ ለአገሪቱ ፓርላማ የመምረጥ መብት አልሰጠችም ነበር። የስዊስ ሴቶች ይህን መብት ያገኙት በ1963 ዓ.ም. ነው። ይህም ማለት ተማሪዋ አገሯ ገብታ በፓርላማ ወንበር ከተቀመጠች 13 ዓመት በኋላ ነው። የሠለጠነ አገር የሚባለው ሁሉ በሁሉም ነገር ቀድሞ አይገኝም።

ነገር ግን በደስታ ብቻ አንለፈው። ለመሆኑ መመረጥ የሚችለው ማን ነበር? ሕጉ ለእንደራሴነት የሚወዳደር ሰው በሚወዳደርበት ወረዳ ንብረት ሊኖረው ይገባል ይላል። ንብረቱ መሬት ወይም ቤት ከሆነ ቢያንስ 1 ሺህ ብር ማውጣት አለበት። ተንቀሳቃሽ ንብረት ከሆነ 2 ሺህ ብር። አሁን አስቡት። በወገራ አንድ ጥማድ በሬና ጥቂት በጎች ያሉት ገበሬ ድምፅ ይሰጣል እንጂ ድምፅ አይሰጠውም። በደቡብ የሰው መሬት የሚያርሰው ጭሰኛ ደግሞ ከነጭራሹ አይታሰብም። ስለዚህ ጭሰኛው የሚመርጠው ማንን ነው? ባለመሬቱን! በጉን የሚገዛው ነጋዴ ራሱ ሻጭ ሆኖ ተላከ ማለት ነው። ዋጋው እንዴት እንደሚሆን እናንተው ታውቁታላችሁ።

ደግሞም የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል አልነበረም። እያንዳንዱ ሰው ለብቻው፣ በራሱ ገንዘብና በራሱ ዝና ይወዳደራል። ሲመረጥም ለብቻው ይገባል።

ከገባስ በኋላ? አንድ ሐሳብ ሕግ የሚሆነው ብዙ በር አልፎ ነው። ሐሳቡን የሚያቀርቡት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፤ ወይም ከምክር ቤቱ አባላት አሥር ሰዎች ተባብረው ሊያቀርቡ ይችላሉ። መምሪያው ይወያይበታል። ቢያልፍ ወደ መወሰኛው ይሄዳል። በመወሰኛው የሚቀመጡት ግን ንጉሡ የሾሟቸው ናቸው። እዚያም ቢያልፍ መጨረሻ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ካልፈረሙበት ሕግ አይሆንም። ሚኒስትሮቹንም የሚሾሙና የሚሽሩ እሳቸው ናቸው። እንደራሴ ሚኒስትርን መሻር አይችልም። ሊሞላላችሁ ያልቻለውን እንስራ አስቡት፤ ከላይ ውኃ ትጨምራላችሁ፣ ከታች ቀዳዳ አለው።

ይህን የምለው የወይዘሮ ስንዱን ሥራ ለማሳነስ አይደለም። በወንዶች በተሞላ አዳራሽ በምክትል ፕሬዚዳንትነት ወንበር መቀመጥ ራሱ ትልቅ ድፍረት ነው። የአንድን ሰው ሥራ ለመመዘን ግን የተሰጠውን መሣሪያ ማየት ያስፈልጋል። ዶማ ይዞ አለት ያልፈነቀለ ሰው ሰነፍ አይባልም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ ቤታችሁ ድረስ የገባ ምሳሌ ነው። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጣ። ይህ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ውልና ስለ ንብረት የሚናገር ትልቅ መጽሐፍ ነው። ሁሉም የሚበረታታበት ሕግ ነበር፤ ብዙው ክፍሉ እስካሁን ይሠራበታል። ነገር ግን በ635ኛው ቁጥር ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው ይላል። ሚስትም ከሕግ ውጭ ባልሆነ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል ይላል። በሌላ ቁጥር ደግሞ ወንድ በ18 ዓመት፣ ሴት በ15 ዓመት ማግባት ይችላሉ ይላል። ልብ በሉ። ይህ ሕግ የወጣው አንዲት ሴት በምክር ቤቱ በነበሩበት ዘመን ነው። ሴት እንደራሴ መኖሯ ብቻውን ሕጉን ለሴት የተመቸ አላደረገውም። አንድ ድምፅ ሁልጊዜ አንድ ድምፅ ነው።

ያ ቁጥር ለምን ያህል ጊዜ ቆየ? ከ40 ዓመት በላይ። በአማራ ክልል የቀረው በ1995 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79 ነው። ዛሬ ባልና ሚስት በቤታቸው አስተዳደር እኩል ናቸው። የጋብቻ ዕድሜም ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት ነው። ከዚህ በታች ያለችን ልጅ መዳር በሕግ ያስቀጣል። «ልጄ ናት፣ እኔ አውቃለሁ» የሚል አባት አይጠፋም። «ዘመዱ ጥሩ ነው፣ እንዳያመልጠን» የምትል እናትም አለች። ልጅቷ ግን በዚያው ዓመት ከትምህርት ቤት ትወጣለች፤ ሰውነቷ ሳይጠነክር ታረግዛለች፤ በምጥ ጊዜ ከስሜን ቁልቁለት በወሳንሳ የምትወርደው እሷው ናት። ስለዚህ አንድ የሕግ ቁጥር አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ተጽፎ ቢቀመጥም ሥራውን የሚሠራው እዚህ፣ በየጎጆው ውስጥ ነው።

ስለ ርስትም አንድ ቃል። በበጌምድርና በስሜን ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ነበር። ሴትም ርስት አላት ይባል ነበር። ግን ብቻዋን ሆና በሽማግሌና በዳኛ ፊት የምትሟገት ሴት ስንት ነበረች? አሁን ክልሉ የሚሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር የባልንም የሚስትንም ስም፣ የሁለቱንም ፎቶግራፍ ይዟል። ደብተሩ ሳጥን ውስጥ ይሆናል። አውጡትና ስማችሁን አንብቡ። ፊደል የቆጠራችሁት ለዚህ ነው።

ወይዘሮ ስንዱ በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ከፓርላማ ወጥተው በምዕራብ ጀርመን ቦን ከተማ በነበረው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ተመደቡ። እስከ አብዮቱ ጊዜ ድረስ እዚያው ሠሩ። ፓርላማው ግን ያለ እሳቸው ቀጠለ፤ መጨረሻው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ለዚህ ትምህርት ያስፈልገናል።

በዚያ ዘመን ትልቁ ጥያቄ የመሬት ጥያቄ ነበር። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ፓርላማው ሄዱ። መንግሥት የባለመሬትንና የጭሰኛን ውል የሚያስተካክል ረቂቅ ሕግ አቀረበ። ረቂቅ ማለት ገና ያልጸደቀ ጽሑፍ ነው። ረቂቁ ገባ፣ ወጣ፤ ተሻሻለ፣ እንደገና ገባ። ዓመታት አለፉ። አንድም ቀን ሳይጸድቅ ቀረ። ለምን እንደ ሆነ ለመገመት አስቸጋሪ አይደለም፤ ንብረት የሌለው አይመረጥም የሚለውን ከላይ አንብበናል። ባለመሬት በራሱ ላይ እጁን አያወጣም።

በሌላ በኩል በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አሥራት ቀርቶ ገበሬው ከእርሻው በሚያገኘው ገቢ ልክ ግብር ይክፈል የሚል ነው። በወረቀት ላይ ሲያዩት ክፉ አይመስልም፤ ብዙ መሬት ያለው ብዙ ይከፍላል። የጎጃም ገበሬ ግን ወረቀቱን አላየውም። የሰማው ከሚፈራው ሹም አፍ ነው። መሬታችን ሊለካ ነው፣ ርስታችን ሊወሰድ ነው ብሎ አመነ። መሣሪያውን አንሥቶ ሸፈተ። መንግሥት ወታደር ላከ፤ በአውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፤ የተጠራቀመው ግብርም ቀረላቸው። ከዓባይ ማዶ ለጎንደር ሰው ሩቅ አይደለም፤ ወሬው እዚህም ደርሶ ነበር።

ጥፋቱ የማን ነው? ገበሬው አላወቀም ብሎ በእሱ ላይ መጫን ቀላል ነው። እኔ ግን እንዲህ ብዬ እጠይቃለሁ። ሕጉ ሲወጣ የጎጃም እንደራሴዎች በአዳራሹ ነበሩ። ሄደው ለላካቸው ሕዝብ ሕጉ ይህን ይላል፣ ይህን አይልም ብለው ማስረዳት የማን ሥራ ነበር? ገበያ ደርሶ የመጣ ሰው ለላከው ይነግራል አይደለም እንዴ?

ቀድሞ አዋጅ የሚነገረው ነጋሪት እየተመታ በገበያ ነበር። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሕግ የሚወጣበት ጋዜጣ ስሙ ከዚያ ተወስዶ «ነጋሪት ጋዜጣ» ተባለ። ከበሮው ለጆሮ ነበር፤ ጋዜጣው ለዓይን ነው። ማንበብ የማይችል ሰው ነጋሪቱም ቀረበት፣ ጋዜጣውም አልደረሰው። በሁለቱ መካከል የሚገባው ሹሙ ነው፣ ጸሐፊው ነው፣ ራፖር ጻፊው ነው። እነሱ የነገሩትን ይዞ ይኖራል።

ያ ፓርላማ የተዘጋው በመስከረም 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋን ሲወርዱ ነው። በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ምክር ቤቱ በዓመታት ያልነካው ጭሰኝነት በአንድ ቀን ቀረ። ይህንን ያወጀው ግን የተመረጠ ምክር ቤት አልነበረም፤ ወታደሮች ናቸው። ሁለቱን ነገር አብራችሁ ያዙት። የመሬቱ አዋጅ ትክክል ነበር፤ ሕዝቡ ግን የሚጠይቀው እንደራሴ አልነበረውም። በኋላ የእህል ኮታ ሲጣል፣ ልጅ ለጦር ሲወሰድ፣ ቤት እየፈረሰ መንደር ሲሰበሰብ፣ ማን ዘንድ ሄዶ ይጩህ?

ዛሬ ሕጉ ሌላ ነው። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሠረት 18 ዓመት የሞላው ይመርጣል፤ በምርጫ ሕጉ ደግሞ 21 ዓመት የሞላው ይመረጣል። ንብረት አለህ ወይ ተብሎ አይጠየቅም። የቀበሌ፣ የወረዳ፣ የክልል ምክር ቤት አለ፤ ለመላው አገር ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አለ። ስለ መሬት ይዞታና ስለ ትዳር አብዛኛውን ነገር የሚወስነው በባሕር ዳር ያለው የክልሉ ምክር ቤት ነው። በሕገ መንግሥቱ 12ኛ ቁጥር ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ካጣ ከቦታው ሊያነሣው ይችላል ተብሎ ተጽፏል። ስንት ሰው ያውቀዋል? በምርጫ ወረቀት ላይ ማንበብ ለማይችለው ተብሎ ምልክት ይደረጋል፤ ንብ ነበረ፣ አምፖል ነበረ። ምልክት ለማየት ዓይን ይበቃል። 12ኛውን ቁጥር ለማግኘት ግን ማንበብ ያስፈልጋል።

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ያረፉት በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው ነው። ንጉሡን፣ ጣልያንን፣ ደርግን፣ ከዚያም በኋላ ያለውን መንግሥት አይተዋል። ባል የቤቱ አለቃ ነው የሚለው ሕግ ሲወጣም ሲሻርም በሕይወት ነበሩ።

ጥያቄዎች። በቡድን ሆናችሁ ተወያዩ፤ መልሱንም በደብተራችሁ ጻፉ።

በ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ድምፅ መስጠት የሚችለው ማን ነበር? መመረጥ የሚችለውስ?

የባለመሬትና የጭሰኛ ረቂቅ ሕግ ለምን ሳይጸድቅ የቀረ ይመስላችኋል?

በቀበሌያችሁ ምክር ቤት ስንት ሴቶች አሉ? ስማቸውን ጻፉ። ባለፈው ስብሰባ ምን እንደ ተናገሩ የሚያስታውስ አለ?

የመሬት ይዞታ ደብተራችሁን አምጡ። በላዩ የተጻፈውን ለጎረቤታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት።